«ቆሞ ይሄዳል ወይ?» ስለ ህብለ ሰረሰር ጉዳት ከሐይቅ ለተላከ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ሕንፃ ሥራ ላይ እያለ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት በሳምንቱ ጀርባው ላይ ብረት ገባለት። ወረቀቱ ላይ ‹ቲ10፣ ኤሺያ ኤ› ይላል። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፤ ሽንቱም በቱቦ ነው። ሰሞኑን ግን እግሩ በራሱ ጊዜ ይዘላል፤ እናታችን ዳነልኝ ብላ እልል አለች። አጎታችን የታወቀ ወጌሻ ላምጣ ይላል። ውጭ ያለ ዘመዳችን ደግሞ ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና አለ፣ ቤቱን ሸጣችሁ ላኩት ይለናል። ቆሞ ይሄዳል ወይ? ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ደሴ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመርሳም ከከሚሴም ከወረኢሉም ይመጣልኛል። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው በሬው ወይም ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። አንቺ ቀድመሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ቤቱን አትሽጡ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ዋናው ጥያቄ። ኤሺያ የጉዳቱን ክብደት በፊደል የሚለይ ምርመራ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው «ኤ» ዛሬም ተመርምሮ «ኤ» ሆኖ ከተገኘ፣ ወንድምሽ በገዛ እግሩ የመራመድ ዕድሉ ጠባብ ነው። በጣም ጠባብ። ይህን አለባብሼ ልነግርሽ አልፈልግም።

ግን ያ ፊደል መቼ ነው የተጻፈው? ከወደቀ በሰዓታት ውስጥ ከሆነ እንደ መጨረሻ ፍርድ አትዩት። ሰው እንደተጎዳ ህብለ ሰረሰሩ ከጉዳቱ በታች ለጊዜው ጸጥ ይላል፤ ሕመምተኛውም በሕመምና በማስታገሻ ደንዝዟል፤ የሚሰጠው መልስ አይታመንም። ከ3 ቀን በኋላ የሚደረግ ምርመራ የተሻለ ይናገራል። ፊደሎቹ ከኤ እስከ ኢ ናቸው። ኤ ማለት ፊንጢጣ አካባቢ ጭምር ስሜትም እንቅስቃሴም የለም ማለት ነው። ቢ ሲሆን ስሜት አለ፣ እንቅስቃሴ የለም። ሲ እና ዲ ላይ መጠኑ ይለያይ እንጂ የሚታዘዝ ጡንቻ አለ። ኢ ከሆነ በምርመራው ሁሉም ደህና ነው።

ለምን ፊንጢጣ? ወደዚያ የሚሄዱት ነርቮች ከህብለ ሰረሰሩ የመጨረሻ ጫፍ የሚወጡ ናቸው። እዚያ ድረስ ትንሽ ስሜት እንኳ ከደረሰ መስመሩ ጨርሶ አልተቋረጠም። ስለዚህ ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ ዙሪያውን እየነካ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ጓንት አድርጎ ጣቱን ያስገባና «ይሰማሃል? እስቲ ጨምቀው» ይለዋል። ሰው ያፍራል። እናንተም ከክፍሉ ስትወጡ «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ» ትሉ ይሆናል። ያ የ5 ደቂቃ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው በላይ ስለ ወደፊቱ ይናገራል። ካልተደረገለት ጠይቁ፤ ከተደረገም አሁን ይደገምለት። ለውጥ ካለ አብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፣ ከዚያ በኋላም እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ቀስ እያለ ሊቀጥል ይችላል። ወንድምሽ ገና በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን የተጎዳው ምኑ እንደሆነ ላስረዳሽ። አከርካሪ የሚባለው አጥንቱ ነው። ህብለ ሰረሰር ደግሞ ከአንጎል ተነስቶ በአጥንቱ መሐል ባለው ቀዳዳ የሚወርደው፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነው። አንገት ላይ 7 አጥንት አለ፣ ደረት ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5፣ ከዚያ በታች የተጣበቁት። «ቲ10» ማለት ከደረቶቹ 10ኛው ነው። አንገቱ ላይ ቢሆን ኖሮ እጁም ይያዝ ነበር፣ ከፍ ካለ ትንፋሹም ጭምር። የወንድምሽ እጆችና ትከሻዎች ደህና ናቸው። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ፤ ወደፊት ራሱን የሚችለው በእነሱ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ መሐል፣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ተናደ በይ። ደሴ አለች፣ ኮምቦልቻም አለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ባጃጁ ይዞራል፣ ገበያው ይቆማል። ከደሴ የሚወርድ መኪና ግን የለም፣ የሚወጣም የለም። የወንድምሽ እግር እንደ ኮምቦልቻ ነው። አልሞተም፤ ከአንጎሉ ትእዛዝ አይደርሰውም፣ የእሱም ስሜት ወደ ላይ አይወጣም።

የእግሩ መዝለል ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከጉዳቱ በታች ያለው የህብለ ሰረሰር ክፍል በሕይወት አለ። ለጊዜው ጸጥ ብሎ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ሲነቃ በራሱ መሥራት ይጀምራል፤ ብርድ ልብሱ ሲነካው፣ ሲገላበጥ፣ ፊኛው ሲሞላ እግሩ ይዘላል ወይም ግትር ይላል። አንጎሉ አላዘዘውም። ቤተሰብ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ እናት እልል ትላለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በወሩ ተስፋው ሲቀዘቅዝ ልጁ አንገቱን ይደፋል። መለየት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ዓይኑን ይጨፍንና «የቀኝ እግርህን አውራ ጣት አንቀሳቅስ» በሉት። ባላችሁት ቁጥር፣ ስታቆሙት የሚቆም፣ ደጋግማችሁ ስትሞክሩት የሚደገም ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሳታድሩ ለሐኪም ተናገሩ። ዝም ብሎ የሚዘል ከሆነ ግን የነቃ ሪፍሌክስ ነው።

መዝለሉ ራሱ ችግር የሚሆነው እንቅልፍ ሲነሳው፣ ከዊልቼር ሲጥለው፣ እግሩን ሲያቆላልፈው ነው። ያኔ ባክሎፈን የሚባል ኪኒን ይታዘዝለታል። አንዴ ከተጀመረ በድንገት አይቋረጥም፤ መድኃኒት ቤት የለም ተብሎ ለሳምንት መተው አደገኛ ነው። ደህና ከርሞ መዝለሉ በአንድ ጊዜ ከባሰ ደግሞ አካሉ የሆነ ነገር እየነገራችሁ ነው። ሽንቱን፣ ሰገራውን፣ ቆዳውን፣ የእግሩን ጥፍር ሳይቀር እዩ።

ስለ ቀዶ ሕክምናውም አንድ የተሳሳተ ነገር ይወራል። ብረቱ የገባው ህብለ ሰረሰሩን ለመስፋት አይደለም። የተሰበረው አጥንት እንዳይንሸራተት ለማሰር፣ የሚጫነውም ነገር እንዲነሳለት ነው። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እግሩ አልተንቀሳቀሰም ማለት ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ብረቱ ሲወጣ ይራመዳል የሚባለውም መሠረት የለውም። አብዛኛው ሰው ብረቱ ውስጡ እንዳለ ነው የሚኖረው። አልጠየቅሽኝም እንጂ «በሳምንቱ ባይሆን፣ በዕለቱ ቢሠራ ኖሮስ» የሚለው እንደሚያቃጥላችሁ አውቃለሁ። የሚመከረው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የሚጠቅመውም በተለይ አንገታቸው ላይ ለተጎዱና መስመራቸው በከፊል ላልተቋረጠ ሰዎች ነው። ደረት ላይ እንዲህ ሙሉ በሙሉ ሲጎዳ አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው በወደቀባት ቅጽበት ነው። ራሳችሁን አትብሉ።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? እጅ ላይ የተቆረጠ ነርቭ ከተሰፋ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እያደገ መንገዱን ያገኛል። የህብለ ሰረሰር ነርቭ ግን እንደዚያ አያድግም። የተጎዳው ቦታ ጠባሳ ይሠራል፤ ዙሪያው ያሉ ንጥረ ነገሮችም ራሳቸው እድገቱን ይከለክሉታል። የስቴም ሴል ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል ጨምሮ የተጎዳውን ለመተካት ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ምርምሩም ይካሄዳል፤ እስከ ዛሬ ግን በህብለ ሰረሰር የተጎዳን ሰው ወደ እግሩ የመለሰ የተረጋገጠ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በገንዘብ የሚሸጡት ክሊኒኮች ግን ሞልተዋል። አንድ መለያ ልስጥሽ፦ እውነተኛ ምርምር ሕመምተኛውን ለሕክምናው ገንዘብ አያስከፍልም። ቤት ሽጡ የሚል ከሆነ ነጋዴ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ጭራሽ የለም ግን አልልሽም። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሉዊስቪል እና ስዊዘርላንድ ሎዛን ያሉ ቡድኖች ከጉዳቱ በታች ባለው ህብለ ሰረሰር ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ተክለው፣ ከብዙ ወራት ልምምድ ጋር፣ ጥቂት ሰዎችን በድጋፍ ማራመድ ችለዋል። ጥቂት ሰዎች፣ በድጋፍ፣ መሣሪያው በርቶ። ነገ የት እንደሚደርስ እናያለን። እዚያ ቀን ለመድረስ ግን ወንድምሽ ቆዳውና ኩላሊቱ ደህና፣ መገጣጠሚያው ያልደረቀ መሆን አለበት።

ወጌሻውስ? የእኛን ወጌሻዎች አልንቅም፤ ወለምታ የሚያሹ ጎበዞች አሉ። ለዚህ ግን አይሆኑም። በብረት የታሰረ አከርካሪ አይታሽም፣ አይጎተትም። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ እግሩ ነው። የማይቆምበት እግር አጥንቱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ በኃይል ሲጠመዘዝ ጭኑ ሊሰበር ይችላል፣ ሕመሙም ስለማይሰማው ማንም ሳያውቅ ይከርማል። በዚህ ላይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋው ከፍተኛ ነው። አንዱ እግር ከሌላው አብጦ፣ ሞቅ ብሎ ካገኛችሁት አትሹት። ቀጥታ ሆስፒታል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከሄደ ይገድላል፤ ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ደግሞ ለአፍታ አትቆዩ። ጸበሉን፣ ዱዓውን አልከለከልኩም፤ ለልቡ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየትና ድንጋይ ላይ ማስተኛት ብቻ ይቅር።

አሁን ወደምፈልገው ደረስኩ። ሁላችሁም የምትጠይቁት ስለ እግሩ ነው። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ መቀመጫውና ስለ ፊኛው ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው በአብዛኛው በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለው የአልጋ ቁስልና የሽንት መስመር ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ነርቭ አልቀጠለም። በየ2 ሰዓቱ አገላበጣቸው፣ ሽንታቸውን በንጽሕና አስወጣ፣ ከአልጋ አወረዳቸው፣ ኳስና ቀስት ሰጣቸው። ሰዎቹ መኖር ጀመሩ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ከ8 ቀን በኋላ እዚያው ሮም በዊልቼር ያሉ ሰዎች ውድድር ተከፈተ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው፤ ከጀርባው የነበረው ጉትማን ነው። መጋቢት 1961 አበበ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ስቶክ ማንደቪል ወሰዱት። በመጀመሪያ እጆቹም አይታዘዙም ነበር፤ እጆቹ ተመለሱ፣ እግሩ አልተመለሰም። ያንን እግር የሚያህል እግር ያልመለሰ ሕክምና ማንንም አይመልስም ብሎ የሚከራከር አለ፣ እሱ ሞኝነት ነው፤ ጉዳት ከጉዳት ይለያል። እኔ የምልሽ፣ አበበ ከዚያ በኋላ ቀስት ወርውሯል፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የተንሸራታች ውድድር አሸንፏል።

እንግዲህ ቆዳው። የማይሰማው ሰው አንድ ቦታ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ አጥንቱና ፍራሹ መሐል ያለው ሥጋ ደም ሳያገኝ ይሞታል። አደገኛዎቹ ቦታዎች የጭራ አጥንት፣ መቀመጫ፣ ዳሌ ጎንና ተረከዝ ናቸው። በየ2 ሰዓቱ መገልበጥ አለበት፣ ሌሊትም ጭምር። ይሄ ለአንድ እናት አይቻልም። የቅሬው (የእድሩ) ሰው ለጥየቃ ሲመጣ አልጋው ላይ ተደርድሮ «አይዞህ» ብሎ ከሚሄድ ተራ ይግባ፤ ወጣቶቹ ሌሊቱን ይከፋፈሉት። ስልክ ላይ አላርም ሙሉ። ሲገለበጥ መጎተት የለም፣ ይነሳል። ከባቱ ሥር ትራስ ይደረግና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ውኃ የተሞላ ጓንትና ክብ ጎማ ሥሩ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ተዉት፣ ዙሪያውን ጨምቆ ይብሳል። ገንዘብ ካላችሁ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ግዙ። ቤት ሊያሸጥ የነበረው ሐሳብ እዚህ ቢውል ምን ነበረበት!

ጠዋትና ማታ ቆዳውን እዩ። መጽሐፍ ላይ «ቀይ ይሆናል» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም። የምትፈልጉት ከአካባቢው ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ያለ፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ የሞቀ፣ ሲጫኑት የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ ነው። ያንን ካያችሁ በዚያ ጎን ማስተኛት አበቃ፤ እስኪጠፋ ድረስ። አታሹት፣ ቅቤም አትቀቡት። አንሶላ አይኮማተር፤ ጂንስ አይልበስ፣ የኋላ ኪሱ ስፌት ብቻውን ያቆስላል። አንድ ቀን የኋላ ኪሱ ውስጥ በተረሳ ቁልፍ ላይ ሲቀመጥ የዋለ ልጅ አይቻለሁ። ቁስሉ እስከ አጥንት ደርሶ ወራት ወሰደ።

እሳትም አለ። ደሴና አካባቢዋ ሲበርድ ሰው ከሰል አቀጣጥሎ ዙሪያውን ይቀመጣል። እሱ እግሩ እየተጠበሰ አይሰማውም። ከከሰሉ አርቁት፤ የሞቀ ውኃ በላስቲክ ሞልቶ እግር ሥር ማስቀመጥም ይቅር፤ ቡና ሲፈላ ስኒውን ጭኑ ላይ አያስቀምጥ። ሲታጠብ ውኃውን ሌላ ሰው በክንዱ ይለካው።

ጫት ይቅማል? ልፈርድበት አይደለም፣ ወሎ ነን። ግን ከሰዓት በሙሉ ፍራሽ ላይ ተደግፎ የሚቀመጥ ሰው መቀመጫውን ማሳረፍ ይረሳል፤ ጫቱ ሆዱንም ያደርቀዋል። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ደፋ ብሎ ወይም ወደ አንድ ጎን ተደግፎ 2 ደቂቃ ያህል ክብደቱን ያንሳ። በመቀመጫው መሬት ላይ መንፏቀቅ ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፤ ቆዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሽንቱ። ቱቦው ለረጅም ጊዜ ውስጥ ከቆየ ኢንፌክሽን፣ ጠጠርና የሽንት መውጫ ቁስል ያመጣል። እጁ ጤነኛ ስለሆነ የሚሻለው ንጹሕ ካቴተር (ቀጭን የሽንት ቱቦ) በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ራሱ አስገብቶ፣ ባዶ አድርጎ፣ ማውጣት ነው። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ ሰዓቱን ያቀርበዋል። ይህን ባለሙያ ተቀምጦ ያስተምረው፤ መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያፍራል፣ በሳምንቱ ስልክ እያወራ ያደርገዋል። እጅ በሳሙና መታጠብ ዋናው ነው። ቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ደግሞ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን፣ መሬት አይንካ፣ ቱቦው ጭኑ ላይ ይታሰር። ብዙ ቤተሰብ «እንዳያርስ» ብሎ ውኃ ይከለክለዋል። ተሳስታችኋል። በቀን እስከ 2 ሊትር ይጠጣ፣ ሲመሽ ብቻ ይቀንስ።

ሽንቱ ስለሸተተ ብቻ ወይም ምርመራው ላይ ባክቴሪያ ስለታየ አንቲባዮቲክ አትግዙ። ካቴተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ ባክቴሪያ አይጠፋውም፤ በየወሩ ሲውጥ ቆይቶ የምር ሲታመም መድኃኒቱ አይሠራለትም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ የመዝለሉ መባስ፣ በካቴተሩ ዙሪያ ድንገት ማፍሰስ ሲኖር ግን ያ ኢንፌክሽን ነው፤ ሂዱ።

ሰገራውን በአጭሩ። ሰዓት ይኑረው፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ቁርስ በልቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ። በዚያ ሰዓት አንጀት ራሱ ይንቀሳቀሳል። ጓንት ያጠለቀ፣ ቅባት የነካ ጣት ቀስ ብሎ ዙሪያውን ሲያሽ ሪፍሌክሱ ያስወጣዋል። ሽሮ፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ውኃ። ሰዓቱ ከተለመደ ገበያ ላይ አያሳፍረውም፤ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ይሄ ፍርሃት ነው።

የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም በማይሰማው እግሩ ላይ ሊመጣበት ይችላል። «ካልተሰማው እንዴት ያመዋል?» ትላላችሁ። ያመዋል፤ አልዋሸም። ዲክሎፌናክ መርፌ ለዚህ አይሠራም፣ ጨጓራውን ነው የሚጎዳው። ጋባፔንቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አሉ፣ ሐኪሙ ይምረጥ።

ዊልቼር ስትፈልጉ ያገኛችሁትን ሁሉ አትቀበሉ። ሰፊ ከሆነ ጎኑ ይጣመማል፣ ጠባብ ከሆነ ዳሌው ይቆስላል፣ ትራስ ከሌለው ደግሞ እንጨት ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ እዚያ ተለክቶ ይውሰድ። ከዊልቼር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር መሸጋገር፣ ልብስ መልበስ፣ መታጠብ፣ በዚህ ደረጃ የተጎዳ ሰው ይህን ሁሉ ብቻውን መሥራት ይችላል። ወራት ይፈልጋል፣ ላብ ያስወጣል። እናታችሁ እያጎረሰች ካቆየችው ግን አይማረውም። እጁ እኮ ደህና ነው! ይልቅ የቤቱን ደፍ አፍርሳችሁ አቅኑት፣ ለሽንት ቤቱ መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አሠሩለት፣ ጠርዙ ላይ ስፖንጅ ይደረግበት።

እጮኛ ይኑረው አይኑረው አልጻፍሽም። እሱ ግን ሌሊት የሚያስበው ይሄንን ነው፣ ለእህቱ አይናገርም እንጂ። ለእንዲህ ያለ ሰው ትዳርም ልጅም የተዘጋ ነገር አይደለም። ለብልት መቆም የሚረዳ መድኃኒት አለ፤ ልጅ ለመውለድ ብዙዎች የሐኪም እገዛ ያስፈልጋቸዋል፣ ግን ይወልዳሉ። ሴቶች ከሆኑ ደግሞ የወር አበባቸው ለወራት ተቋርጦ ሲመለስ ማርገዝ ይችላሉ። ወንድ ሐኪም ጋር ብቻውን ይግባ፣ እናንተ ውጭ ቆዩ። ምግብ እንቢ ካለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ካበዛ ደግሞ ቁም ነገር ነው፤ ያም ይታከማል።

ሌላ አንባቢ «የእኔ እናት ሳትወድቅ እግሯ ዛለ» እንደሚል ስለማውቅ እዚሁ ልጨምር። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ነው። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ጀርባ ላይ ጉብ ማለት፣ ከዚያ የእግር መዛል ይከተላል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ከብት የሚያረባ ሰው ላይ ደግሞ ብሩሴላ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታም እንዲሁ ጀርባ ይይዛል። ቲቢው ከ9 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይታከማል፣ በጊዜ ከተጀመረ እግራቸው የዛለ ብዙዎች ተመልሰው ይሄዳሉ። ወጌሻ ጋር የሚባክነው ወር ነው እግር የሚያሳጣው።

ከዛፍም ከፎቅም የወደቀ ሰው ስታገኙ ደግሞ ቀና አድርጋችሁ ውኃ አታጠጡት፣ ባጃጅ ውስጥም አጥፋችሁ አትጫኑት። አንድ ሰው ጭንቅላቱንና አንገቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ሌሎች ሦስት ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው በአንድ ቃል፣ ሳይጣመም፣ ወደ ጎን ገልብጠው ሳንቃ ወይም የተነቀለ በር ከሥሩ ያስገቡ። ከዚያ ቃሬዛ። የተዘረጋ ሸራ ላይ ብቻ ከሆነ ወገቡ ይጎብጣል። ሆስፒታል እንደደረሰ ግን ከሳንቃው ይነሳ፤ የአልጋ ቁስል በሰዓታት ውስጥ ነው የሚጀምረው።

የናንተን በተመለከተ፣ በዚህ ሳምንት ውሰዱትና ሦስት ነገር አስደርጉለት፦ የኤሺያ ምርመራው ይደገም፣ ካቴተር ራሱ ማስገባት ይማር፣ የኩላሊቱ አልትራሳውንድ ይታይ። ሲቲውን፣ የኦፕራሲዮን ወረቀቱንና የሚውጣቸውን ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው ያዙ። መኪና ውስጥ ከሐይቅ ደሴ እስክትደርሱ ድረስ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ይደረግለት፣ ወንበሩንም ወደ ኋላ አታጋድሉት።